ዕዳ ያሰረዙት ኢኮኖሚስት፦ የንጎዚ ኦኮንጆ-ኢዌላ ጉዞ ከሚኒስትርነት እስከ አማካሪነት

ናይጄሪያ በ2005 ለፓሪስ ክለብ (አበዳሪ መንግሥታት ስለ ዕዳ በጋራ የሚደራደሩበት መድረክ) አበዳሪዎች ካለባት 30 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ 18 ቢሊዮን ዶላር ያህሉን አሰረዘች። ድርድሩን የመሩት የገንዘብ ሚኒስትሯ ንጎዚ ኦኮንጆ-ኢዌላ ከዓለም ባንክ የመጡ ኢኮኖሚስት ነበሩ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ መንግሥታትን በዕዳ ድርድር የሚያማክረው የላዛርድ ከፍተኛ አማካሪ ሆኑ። ላዛርድ የኢትዮጵያን ዕዳ ጉዳይ ለሚከታተል ሰው እንግዳ ስም አይደለም። የገንዘብ ሚኒስቴር የውጭ ዕዳውን ለማሸጋሸግ ሲደራደር በፋይናንስ አማካሪነት የያዘው ይኸንኑ ተቋም ነው። ኦኮንጆ-ኢዌላ ዛሬ የዓለም ንግድ ድርጅትን ይመራሉ፤ ኢትዮጵያ አባልነት የጠየቀችው በ2003 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በስተቀር ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእኛም አገር ከዓለም ባንክና ከመሰል ተቋማት ወደ ገንዘብ ሚኒስቴርና ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚመጡ፣ ከሥልጣን ሲወርዱ ደግሞ ወደ አማካሪነት የሚሻገሩ ባለሙያዎች እየበዙ ነው። ሹመት በተሰማ ቁጥር ክርክሩ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን «ባለሙያ ነው፣ ይሠራል» ሲል ሌላው «የውጭ አበዳሪዎች ሰው ነው» ይላል። ሁለቱም ስለ ሰውየው ነው የሚያወሩት። የኦኮንጆ-ኢዌላ ታሪክ ግን ሌላ ቦታ እንድናይ ያስገድዳል። አንዲት ሴት፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ወንበር ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ውጤታቸው የተለያየ ነበር። እሳቸው ያው ናቸው። የተለወጡት ከኋላቸው የነበረው የፖለቲካ ድጋፍ፣ የነዳጅ ዋጋና በሕግ የታሰረው ነገር መጠን ናቸው።

መጀመሪያ የመጡት በአማካሪነት ነው

ኦኮንጆ-ኢዌላ በ1954 በዴልታ ክፍለ ግዛት ኦግዋሺ-ኡኩ ተወለዱ። በ1976 ከሃርቫርድ ተመረቁ፤ በ1981 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ከኤምአይቲ፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመናቸው አብዛኛው በዓለም ባንክ ያለፈ ነው።

በ2000 ፕሬዚዳንት ኦባሳንጆ ለጥቂት ወራት በኢኮኖሚ አማካሪነት ጠሯቸው። በዚያ አጭር ጊዜ ለመቋቋሙ እገዛ ካደረጉላቸው ተቋማት አንዱ የናይጄሪያ የዕዳ አስተዳደር ቢሮ ነው። ስለ እሳቸው ሲወራ ይህ ሥራ እምብዛም አይነሳም፤ የ2005ቱ ስምምነት የቆመው ግን በእሱ ላይ ነው። ቢሮው ከመቋቋሙ በፊት የናይጄሪያ የብድር መዝገብ በገንዘብ ሚኒስቴር ልዩ ልዩ መምሪያዎችና በማዕከላዊ ባንኩ መካከል ተበትኖ ነበር። መንግሥት ራሱ ለማን ስንት እንዳለበት አንድ ቁጥር መጥራት አይችልም ነበር።

መዝገብ የሌለው ተበዳሪ ድርድር ላይ ሲቀመጥ የሚገጥመው የታወቀ ነው። አበዳሪው የራሱን ሒሳብ ያቀርባል፤ ዋናውን ብድር፣ ወለዱን፣ ውዝፉን፣ በውዝፉ ላይ የታሰበውን ቅጣት ሁሉ ደምሮ ያመጣል። ተበዳሪው የሚከራከርበት ወረቀት ስለሌለው ቁጥሩን ይቀበላል። ናይጄሪያ ከ1986 እስከ 2000 ድረስ ከፓሪስ ክለብ ጋር አራት ጊዜ የክፍያ ጊዜ ብታራዝምም ዕዳው ከመቀነስ ይልቅ ያበጠው በአብዛኛው በወለድ፣ በውዝፍና በቅጣት ነው። ስለዚህ አዲሱ ቢሮ የመጀመሪያ ሥራው እያንዳንዱን ውል አውጥቶ ከ15ቱ አበዳሪ አገሮች ጋር ብድር በብድር ማስታረቅ ሆነ። አሰልቺ የመዝገብ ሥራ ነው፤ ፎቶ የሚነሱበት ሥነ ሥርዓት የለውም። ግን ያለ እሱ የሚቀጥለው እርምጃ አይኖርም።

የ2005ቱ ስምምነት እንዴት ተሠራ?

በ2003 በገንዘብ ሚኒስትርነት ሲመጡ ሦስት እንቅፋት ተደርድሮ ጠበቃቸው።

አንደኛው የገቢ ምድብ ነበር። ፓሪስ ክለብ የዕዳውን ሁለት ሦስተኛ የሚሰርዝበት «የኔፕልስ ውል» የሚባል አሠራር አለው፤ ዕድሉ የሚሰጠው ግን ከዓለም ባንክ በእርዳታ መልክ ብቻ ለሚበደሩ ድሃ አገሮች ነው። ናይጄሪያ ነዳጅ ሻጭ በመሆኗ በመካከለኛው ምድብ ተቀምጣ ነበር። በነፍስ ወከፍ ገቢ ግን ከብዙዎቹ ተጠቃሚ አገሮች አትሻልም ነበር። ምድቡን ለማስለወጥ የነፍስ ወከፍ ገቢን፣ የድህነት መጠንንና ከንግድ ገበያ የመበደር አቅምን የሚያሳይ መረጃ ይዞ ዓለም ባንክን ማሳመን ያስፈልግ ነበር። ከውስጥ ሆኖ የባንኩን አሠራር የሚያውቅ ሰው ዋጋው የታየው እዚህ ላይ ነው። የትኛው መምሪያ ምን ሰነድ እንደሚፈልግ፣ ጉዳዩ በየትኛው ደረጃ እንደሚወሰን ያውቁ ነበር። ምድቡ በ2005 አጋማሽ ተለወጠ።

ሁለተኛው የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ የአይኤምኤፍ፣ ጉዳይ ነው። ፓሪስ ክለብ በአይኤምኤፍ ፕሮግራም ውስጥ ላልገባ አገር ዕዳ አይሰርዝም። በናይጄሪያ ደግሞ በ1985 በአገር አቀፍ ክርክር ሕዝቡ የአይኤምኤፍን ብድር በግልጽ ስለተቃወመ ጉዳዩ የፖለቲካ እሳት ነበር። መፍትሔው ከሁለቱም ወገን የመጣ ነው። ናይጄሪያ የራሷን የማሻሻያ ፕሮግራም አዘጋጀች፤ አይኤምኤፍ ገንዘብ ሳያበድር አፈጻጸሙን ብቻ እየገመገመ ማረጋገጫ የሚሰጥበት አዲስ መሣሪያ አወጣ። በጥቅምት 2005 ናይጄሪያ የዚህ መሣሪያ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ሆነች።

ሦስተኛው ጥሬ ገንዘብ ነው። ውዝፉን ሳይከፍሉ ስረዛ የለም፤ ውዝፉ ብቻ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ስምምነቱ በጥቅምት 2005 ሲፈረም በሁለት ምዕራፍ ተከፈለ። ሒሳቡ በተጠጋጋ ቁጥር እንዲህ ይመስላል። ከ30 ቢሊዮኑ ላይ ናይጄሪያ ውዝፉን 6.3 ቢሊዮን ከፈለች፤ ወደ 24 ቢሊዮን ቀረ። ከዚህ 33 በመቶው ወዲያው ተሰረዘ። የአይኤምኤፍ የመጀመሪያ ግምገማ ሲያልፍ ሌላ 34 በመቶ ተሰረዘ። የቀረውን 8 ቢሊዮን ገደማ ደግሞ ናይጄሪያ በቅናሽ መልሳ ገዛችው። ውዝፉ ተጨምሮበት በጠቅላላው 12.4 ቢሊዮን ዶላር ከፍላ በሚያዝያ 2006 ከፓሪስ ክለብ ዕዳ ነጻ ወጣች።

ሁለት ምዕራፍ የሆነበት ምክንያት አለው። አበዳሪዎቹ ናይጄሪያ ስረዛውን ተቀብላ ማሻሻያውን እንዳታቆም ፈሩ፤ ናይጄሪያም ገንዘቧን ከፍላ ስረዛው እንዳይቀርባት ሠጋች። በግምገማው ላይ የተንጠለጠለው ሁለተኛው ምዕራፍ ሁለቱንም ሥጋት አቃለለ።

በወቅቱ ብዙ ናይጄሪያውያን ተቃወሙ። «12 ቢሊዮን ዶላር ለሀብታም አገሮች ከመክፈል መንገድና ሆስፒታል ይሠራበት» የሚለው ክርክር ቀላል አልነበረም፤ በአንዴ የወጣው ገንዘብ ለድሃ አገር እጅግ ብዙ ነው። በእኛ አመዛዘን ግን ስምምነቱ ትክክል ነበር። አንድ ዶላር ዕዳ በ40 ሳንቲም ገደማ ነው የተዘጋው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከዕዳ ክፍያ የተረፈው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብም በበጀቱ ውስጥ ለብቻው ምልክት ተደርጎበት ለጤና፣ ለትምህርትና ለውኃ ሲውል ክትትል ይደረግበት ነበር።

በሕግ ያልታሰረው ገንዘብ

12.4 ቢሊዮኑ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ወደ ዋናው ነጥባችን ይወስደናል። ከ2004 ጀምሮ ናይጄሪያ በጀቷን የምትሠራው በገበያው ዋጋ ሳይሆን ሆን ተብሎ ዝቅ በተደረገ የነዳጅ መነሻ ዋጋ ነበር። የ2004ቱ መነሻ በበርሜል 25 ዶላር ነው። ገበያው ከዚያ በላይ ሲከፍል ልዩነቱ «የትርፍ ድፍድፍ ነዳጅ ሒሳብ» ወደሚባል ቋት ይገባል። በርሜሉ 38 ዶላር ሲሸጥ ትርፉ 13 ዶላር ነው። የመንግሥት ድርሻ በቀን 1 ሚሊዮን በርሜል ቢሆን በቀን 13 ሚሊዮን፣ በዓመት 4.7 ቢሊዮን ዶላር ይቀመጣል ማለት ነው። የነዳጅ ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ ቋቱ ሞላ፤ የዕዳው ክፍያ ሲመጣ ገንዘቡ ተዘጋጅቶ ተገኘ።

ችግሩ ገንዘቡ የፌዴራል መንግሥቱ ብቻ አለመሆኑ ነው። በናይጄሪያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 162 መሠረት የነዳጅ ገቢ ወደ ጋራ ቋት ገብቶ መከፋፈል አለበት። መጀመሪያ 13 በመቶው ነዳጅ አምራች ለሆኑት ክፍለ ግዛቶች ይወጣል። የቀረውን የፌዴራል መንግሥቱ 52.68፣ 36ቱ ክፍለ ግዛቶች 26.72፣ የአካባቢ መስተዳድሮች 20.60 በመቶ ይካፈሉታል። ስለዚህ በቋቱ ከተቀመጠው እያንዳንዱ ዶላር ግማሹ ገደማ የሌሎች ነው። የክፍለ ግዛት ገዥዎቹ ገንዘቡን ለማስቀመጥ የተስማሙት በፖለቲካ ጫናና በመግባባት እንጂ የሚያስገድድ ሕግ ኖሮ አይደለም። በ2007 የወጣው፣ የመንግሥትን ገቢና ወጪ ሥርዓት ለማስያዝ የታሰበው የፊስካል ኃላፊነት ሕግም ቢሆን የክፍለ ግዛቶችን እጅ ሊያስር አልቻለም፤ ከአንቀጽ 162 በላይ አይሆንምና።

በ2006 ኦኮንጆ-ኢዌላ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወሩ። በነሐሴ ለሥራ ለንደን ሳሉ ከኢኮኖሚ ቡድኑ መሪነት መነሳታቸውን ሰሙና ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በቀጣዩ ዓመት ኦባሳንጆም ወረዱ። ቋቱ በ2008 ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። በ2011 እንደገና በገንዘብ ሚኒስትርነት ሲመለሱ የጠበቃቸው የዚያ ቁራጭ ነው። መንግሥት በ1 ቢሊዮን ዶላር መነሻ የሉዓላዊ ሀብት ፈንድ፣ ማለትም የአገሩን ትርፍ ገቢ ለወደፊት የሚያስቀምጥ ተቋም፣ ሲያቋቁም ገዥዎቹ ሕገ መንግሥቱን ጠቅሰው ፍርድ ቤት ሄዱ። በርሜል ከ100 ዶላር በላይ በሚሸጥባቸው ዓመታት ጭምር የቁጠባ ጥሪው ሰሚ አጣ። በ2014 አጋማሽ ዋጋው መውደቅ ጀምሮ በጥር 2015 ከ50 ዶላር በታች ሲወርድ በቋቱ የነበረው ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነው።

ተቺዎች ለዚህ ሚኒስትሯን ይወቅሳሉ፤ እሳቸው ገዥዎቹንና የፖለቲካ ፈቃደኝነት ማነስን ይጠቅሳሉ። ሁለቱ ዘመናት ጎን ለጎን ሲታዩ ግን ልዩነቱ ይገለጣል። በመጀመሪያው ዘመን ከኋላቸው አቋሙ የጠነከረ ፕሬዚዳንትና ተባብሮ የሚሠራ ቡድን ነበር። በኋላ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ የሆኑት ሶሉዶ፣ የመንግሥት ግዥን ያጸዱት ኤዜክዌሲሊ፣ የፀረ ሙስና ኮሚሽኑን የመሩት ሪባዱ፣ የዋና ከተማዋ የአቡጃ ሚኒስትር የነበሩት ኤል-ሩፋይና ሌሎችም ነበሩበት። በሁለተኛው ዘመን ማዕረጋቸው «የኢኮኖሚው አስተባባሪ ሚኒስትር» ተብሎ ከፍ ብሏል፤ ገዥዎቹን የሚያስገድድ ኃይል ግን አብሮ አልመጣም።

የጸና ነገርም አለ። በጥር 2004 የገንዘብ ሚኒስቴሩ ለፌዴራል መንግሥቱ፣ ለየክፍለ ግዛቱና ለየአካባቢ መስተዳድሩ በየወሩ የሚከፋፈለውን ገንዘብ በጋዜጣ ማተም ጀመረ። ነዋሪው የአካባቢው ሹም ስንት እንደተላከለት አንብቦ «የት ገባ?» ብሎ እንዲጠይቅ አስቻለው። የደመወዝ ክፍያ በኮምፒውተር ሲማከል ደግሞ መንግሥት ከ60 ሺሕ በላይ የሌሉ ሠራተኞችን ከመዝገብ ማውጣቱን አስታወቀ። በ2014 የአገር ውስጥ ምርት ስሌት መነሻ ዓመት ከ1990 ወደ 2010 ሲቀየር የ2013 ምርት በ89 በመቶ ከፍ ብሎ 510 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። ናይጄሪያ በአንድ ቀን ሀብታም አልሆነችም፤ የቆየው ስሌት ያላያቸው የሞባይል ስልክ፣ የፊልምና የአገልግሎት ዘርፎች ተቆጠሩ። ከዚህ ጋር አብሮ የወጣው እውነት የሚያስደስት አልነበረም፤ የታክስ ገቢ ከአገር ውስጥ ምርት ያለው ድርሻ ይበልጥ ትንሽ ሆኖ ታየ።

የነዳጅ ድጎማው

ጥር 1 ቀን 2012 መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን አነሳ። አንድ ሊትር ቤንዚን ከ65 ናይራ ወደ 141 ናይራ ደረሰ። በስሌቱ ስህተት አልነበረበትም። ለ2011 የተበጀተው ድጎማ 245 ቢሊዮን ናይራ ሲሆን የወጣው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። በኋላ የፓርላማው ኮሚቴ በ2009 እና በ2011 መካከል 6.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በማጭበርበር መባከኑን ሪፖርት አድርጓል። አሠራሩ ይህ ነው፦ አስመጪው ነዳጅ አስገባሁ ብሎ የመርከብ ሰነድ ያቀርባል፣ በሰነዱ መሠረት የዋጋ ልዩነቱ ይከፈለዋል። መርከቡ መምጣቱን፣ ያራገፈው መጠን በሰነዱ ላይ ያለው መሆኑን፣ ነዳጁ ወደ ጎረቤት አገር አለመሻገሩን በወደቡ ላይ ቆሞ የሚያረጋግጥ ጠንካራ አካል ሳይኖር የአስመጪዎቹ ቁጥር ከጥቂት ድርጅቶች ወደ 140 ገደማ አሻቀበ።

የተበላሸው አፈጻጸሙ ነው። ቀኑ የአዲስ ዓመት በዓል ነበር፤ ብዙ ሰው ለበዓል ወደ ገጠር ሄዶ ሳለ የመመለሻ የትራንስፖርት ዋጋ እጥፍ ሆነበት። ካሳ ይሆናሉ የተባሉት የጅምላ ትራንስፖርትና የእናቶች ጤና ፕሮግራሞች ገና በወረቀት ላይ ነበሩ። ሕዝቡ ያጣው በዚያው ቀን ነው፤ የሚያገኘው ግን ተስፋ ብቻ ነበር። ከአገር አቀፍ አድማና ከተቃውሞ ሰልፎች በኋላ በጥር 16 ዋጋው ወደ 97 ናይራ ወረደ። ግማሹ ድጎማ ተመለሰ፤ የፖለቲካ ዋጋው ግን ሙሉ ተከፈለ። በታኅሣሥ 2012 የ82 ዓመት እናታቸው ተጠልፈው ከአምስት ቀን በኋላ ተለቀቁ። ጠላፊዎቹ ከሚኒስትርነት እንዲለቁ መጠየቃቸውንና ጉዳዩ ከድጎማው ምርመራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ኦኮንጆ-ኢዌላ በይፋ ተናግረዋል።

ኢትዮጵያ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ የመረጠችው መንገድ ከዚህ ይለያል። ዋጋው በየደረጃው ከፍ እያለ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ለብቻ የሚደጎሙበት ሥርዓት ተዘረጋ። ለኑሮው ቀላል ነበር ማለት አይደለም፤ ድንጋጤው ግን በአንድ ሌሊት አልወረደም።

ደመወዙ፣ ከዚያም አማካሪነቱ

በ2003 ሲሾሙ ደመወዛቸው ራሱ መነጋገሪያ ሆነ። ከውጭ ለሚመለሱ ባለሙያዎች በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል በተዘጋጀ ፈንድ በዓመት ከ240 ሺሕ ዶላር በላይ በዶላር ይከፈላቸው ነበር። ይህ ከሌሎቹ ሚኒስትሮች ደመወዝ እጅግ የራቀ ነው፤ ታዋቂው ጠበቃ ጋኒ ፋወሂንሚ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሱት። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ውሳኔው የአገር የሆነ ሰው ደመወዙን ከሌላ አካል ሲያገኝ ሥራውን ቢያከብርም እንኳ ለማን ተጠያቂ ነው የሚለው ሁልጊዜ ይነሳል። በሌላ በኩል የአገሩ ደመወዝ ቤተሰብ የማያስተዳድር ከሆነ ብቃት ያለው ሰው ወይ አይመጣም ወይ ሌላ ገቢ ይፈልጋል። ንጹሑ መንገድ ለጥቂት ወሳኝ ቦታዎች ከአገሩ በጀት፣ በታወቀ መስፈርት፣ በይፋ የሚታይ ከፍ ያለ ደመወዝ መክፈል ነው።

በሁለቱ የሚኒስትርነት ዘመናት መካከል አቡጃ ላይ የኢኮኖሚ ጥናት ማዕከልና የሕዝብ አስተያየት መመዘኛ ድርጅት መሥርተዋል፤ ከ2007 እስከ 2011 ደግሞ ከዓለም ባንክ ዋና ሥራ አስኪያጆች አንዷ ነበሩ። በ2015 ላዛርድን ተቀላቀሉ፤ ከ2016 እስከ 2020 የክትባት ጥምረቱን የጋቪን ቦርድ በሊቀ መንበርነት መሩ፤ በስታንዳርድ ቻርተርድ ባንክና በትዊተር ቦርዶችም ተቀመጡ።

እንዲህ ያለ አማካሪ ለመንግሥታት የሚሸጠው ምንድን ነው? በዕዳ ድርድር የፋይናንስ አማካሪ ሥራ ግልጽ ክፍሎች አሉት። መጀመሪያ የተበዳሪውን መዝገብ ያጠራል፤ ይህ ናይጄሪያ በ2000 የጀመረችው ሥራ ነው። ቀጥሎ አይኤምኤፍ የሚሠራውን የዕዳ ዘላቂነት ትንተና (አገሩ ምን ያህል ዕዳ መሸከም እንደሚችል የሚያሰላውን) ጎን ለጎን ራሱ ይሠራል፤ ምክንያቱም የሚሰረዘውን መጠን የሚወስነው በዋናነት ያ ትንተና ነው። ሦስተኛ፣ ለየአበዳሪው ቡድን የሚቀርበውን አማራጭ ያሰላል። በመጨረሻ ድርድሩ ላይ ከሚኒስትሩ ጎን ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ውል በተለምዶ ወርኃዊ ክፍያና ስምምነቱ ሲሳካ የሚታሰብ ተጨማሪ ክፍያ አለው።

ተጨማሪ ክፍያው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ስምምነት ሲፈረም ይከፈላል» የሚል ውል አማካሪውን ለማንኛውም ስምምነት ያስቸኩለዋል። «በተገኘው የዕዳ ቅናሽ መጠን ይከፈላል» የሚለው ከአገሩ ጥቅም ጋር ይገጥማል፤ ግን ቅናሹ በምን እንደሚለካ ውሉ ላይ በቁጥር መጻፍ አለበት። ዋናው ዕዳ ሳይነካ የክፍያ ጊዜ ሲራዘም «ቅናሽ» ይባላል ወይ? ይህ ካልተለየ በኋላ ለክርክር በር ይከፍታል።

የቀድሞ ሹም በአማካሪነት ሲመጣ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለ ያየው የድርድር ስትራቴጂ፣ የመጠባበቂያ ገንዘብ መጠን፣ መንግሥት እስከ የት ለመሄድ እንደወሰነ የሚያሳይ ሰነድ አብሮት ይወጣል። የዓለም ባንክ የግዥ ደንብ በሥራ ላይ ያሉ የመንግሥት ሹሞችና ሠራተኞች በአገራቸው ፕሮጀክት በአማካሪነት የሚቀጠሩት ሥራው ልዩ ሲሆን ወይም ያለ እነሱ ፕሮጀክቱ የማይሄድ ሲሆን ብቻ እንደሆነ፣ የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠርና የአገሩን ሕግ እንዳይጻረር ይደነግጋል። ከሥራ ለወጣው ግን መልሱ በዋናነት የአገሩ ሕግ ነው፦ ስንት ወር ይጠብቅ፣ ከየትኛው ተቋም ጋር አይሥራ፣ ምን መረጃ አይጠቀም። የእኛ የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ያለውን ሀብት ያስመዘግባል። ሀብት ማስመዝገብ ብቻውን ግን ነገ ለማን ይሠራል የሚለውን አይመልስም። የአማካሪነት ውሎች የተቀጣሪው ስም፣ የሥራው ዝርዝርና የክፍያው መጠን በይፋ ቢታተም፣ የናይጄሪያው የጋዜጣ ዝርዝር በገዥዎቹ ላይ የፈጠረውን ዓይነት ጥያቄ እዚህም ይፈጥራል።

ኢትዮጵያ ለምን ዘገየች?

ናይጄሪያ በሰኔ 2005 ከፓሪስ ክለብ የመርህ ስምምነት ካገኘች በኋላ በዐሥር ወር ዳር ደረሰች። ኢትዮጵያ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ (የፓሪስ ክለብ አባላትና እንደ ቻይና ያሉ ሌሎች አበዳሪ መንግሥታት አብረው በሚደራደሩበት አሠራር) ዕዳዋ እንዲሸጋሸግ የጠየቀችው በ2021 መጀመሪያ ሲሆን ከመንግሥታዊ አበዳሪዎች ጋር የመርህ ስምምነት ላይ የደረሰችው በመጋቢት 2025፣ የመግባቢያ ሰነዱን የፈረመችው በሐምሌ 2025 ነው። ስምምነቱ 8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳን የሚሸፍን ሲሆን በአይኤምኤፍ ፕሮግራም ዘመን ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የክፍያ እፎይታ ይሰጣል። ናይጄሪያ እንዳገኘችው ያለ የ60 በመቶ ስረዛ አይደለም፤ በዋናነት የክፍያ ጊዜ ማራዘም ነው።

ልዩነቱን አማካሪው አልፈጠረውም። የናይጄሪያ ዕዳ አብዛኛው በአንድ ክለብ፣ በ15 አገሮች እጅ ነበር። የኢትዮጵያ አበዳሪዎች ቻይናን፣ የፓሪስ ክለብ አባላትን፣ ሌሎች መንግሥታትንና የቦንድ ባለቤቶችን ያቀፉ ናቸው፤ የመንግሥታዊ አበዳሪዎቹን ኮሚቴ ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ ይመሩታል። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ሒደቱ ቆመ። የአይኤምኤፍ ፕሮግራም፣ ያ ፓሪስ ክለብ በ2005 የጠየቀው ቅድመ ሁኔታ፣ የተገኘው ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ በለቀቀበት በሐምሌ 2024 ነው። ናይጄሪያ በነዳጅ ትርፍ ውዝፏን ከፈለች፤ ኢትዮጵያ ግን በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች።

በዚያ በ2014 በ6.625 በመቶ ወለድ በተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ጉዳይ አከራካሪ የሆነው «እኩል አያያዝ» የሚባለው መርህ ነው። መንግሥታዊ አበዳሪዎች እኛ የተውነውን ያህል የግል አበዳሪዎችም ይተዉ ይላሉ። እኩልነቱ በሦስት መለኪያ ይታያል፦ በፕሮግራሙ ዘመን የሚቀንሰው ክፍያ፣ የዕዳው የዛሬ ዋጋ (ወደፊት የሚከፈለው ገንዘብ ዛሬ የሚያወጣው) ቅናሽና የክፍያው ጊዜ መራዘም። መንግሥት በጥቅምት 2024 ከዋናው ብድር 18 በመቶ እንዲቀነስ ሐሳብ ሲያቀርብ የቦንድ ባለቤቶቹ ያጋጠመው የጥሬ ገንዘብ እጥረት እንጂ የመክፈል አቅም ማጣት አይደለም ብለው አልተቀበሉትም። በዚህ ክርክር ኃይል ያለው ቁጥር ነው፤ በተለይ ወደፊት የሚጠበቀው የወጪ ንግድ ገቢ። የቡናና የወርቅ ገቢ ትንበያ ጥቂት በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የሚቀነሰው ዕዳም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ የራሱን ትንበያ መርምሮ ማስረዳት የሚችል የዕዳ አስተዳደር ክፍል በአገሩ ውስጥ መኖር ከየትኛውም ታዋቂ አማካሪ ይቀድማል።

ኦኮንጆ-ኢዌላ በመጋቢት 2021 የዓለም ንግድ ድርጅትን መምራት ጀመሩ፤ በኅዳር 2024 ለሁለተኛ ጊዜ ተመረጡ፤ ሁለተኛው የአራት ዓመት ዘመናቸው በመስከረም 2025 ተጀመረ። በአፍሪካ አገሮች ዘንድ ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ቢሆንም የዋና ዳይሬክተሩ ወንበር ሥልጣኑ ውስን ነው፤ የሚወስኑት 166ቱ አባላት በስምምነት ነው። በ2022 የተደረሰበት የጎጂ የዓሣ ማጥመድ ድጎማ ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው በቂ አባላት እስኪያጸድቁት ተጠብቆ በመስከረም 2025 ነው። ለኢትዮጵያም ሒደቱን ማፋጠን፣ ባለሙያ መመደብ፣ አባላትን ማግባባት ይችላሉ፤ በር ከፍተው ማስገባት አይችሉም። መንግሥት ሒደቱን ለ2026ቱ የያውንዴ የሚኒስትሮች ጉባኤ ለማድረስ ግብ አስቀምጦ ሠርቷል። ከእያንዳንዱ ፍላጎት ካለው አባል አገር ጋር በዕቃዎች ቀረጥና በአገልግሎት ገበያ ላይ የሁለትዮሽ ድርድር ይጠናቀቃል፤ ውጤቱ ተጠቃሎ የሥራ ቡድኑ ሪፖርት ይጸድቃል፤ አባላቱ የአባልነት ፕሮቶኮሉን ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ፕሮቶኮሉ በሕግ ጸድቆ ለድርጅቱ ከተገለጸ በሠላሳኛው ቀን አባልነቱ ይጀምራል።